ጣሳዋን የሰቀልኳት እኔ ነኝ

በሬዲዮ ቀርቤ ሞኝ መሆኔን ለአገር ያስታወቅሁ ሴት ነኝ። ሱሉልታ መጥታችሁ ድንቅቱ የምትባል ጠላ ሻጭ የቷ ናት ብትሉ፣ "ያቺ በሬዲዮ የቀባጠረችው" ብለው ቤቴ ድረስ ያመጧችኋል። ያን ቀን ከአፌ ከወጣው ውስጥ ስለ ጌሾ ካወራሁት በቀር እውነት የለበትም። ሰው ግን የሰማውን ነው የሚያምነው፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደማልችልበት የሚያውቁ ሰዎች ይኼን ሲያነቡ ይገርማቸዋል። እኔንም ገርሞኛል።

ነገሩ የጀመረው ከቅናት ነው።

ጎረቤቴ ራቢአ ባሏ የሱፍ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻዋን ነው የምትይዘው። ሱቋ የፍቼው መንገድ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነን። እኔ ጠላ እሸጣለሁ፣ እሷ ጠላ አትቀምስም፤ ግን ጋኑ ሲከፈት በጠረኑ ብቻ "ዛሬስ ጌሾው በዝቷል" ብላ ታርመኛለች። ደግሞም ልክ ናት፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሱቋ በር ተቀምጠን ሬዲዮ እንሰማ ነበር። ዓባይነህ የሚባል ጋዜጠኛ አንድ ሰው ያቀርብና አንድ ሰዓት ሙሉ አንጀቱ ድረስ ገብቶ ይጠይቀዋል። እንግዶቹን "ኦሪጂናል አሳቢዎች" ይላቸዋል። እኔ ኦሪጂናል ሲባል የማውቀው የራቢአን ባትሪ ነው፤ ሰውም ኦሪጂናል እንደሚሆን ከሱ ሰማሁ። አንዱ ምግብ በስልክ የሚታዘዝበትን ነገር የሠራ ነው፣ አንዱ ከወዳደቀ ቆርቆሮ ሐውልት የሚያቆም፣ አንዷ ደግሞ ከእንሰት ቃጫ ቦርሳ እየሰፋች ውጭ አገር የምትልክ። ያ የምግቡ ሰውዬ "ሰው ሲርበው መጠበቅ አይወድም፤ ያኔ ነው የበራልኝ" ሲል ራቢአን ዞር ብዬ አየኋት።

"ይኼን ለማወቅ ነው አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠው?" አልኳት።

"አንቺስ ምን አሰብሽና ነው?"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ሕመሜ ይኸው ነበር። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ አስተማሪያችንን በሰው ፊት ስላረምኩት ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ እንዳልመጣ ተደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው የለም። የሚጠየቀው ጠላው ደርሷል ወይ ብቻ ነው።

የጣሳዋ ነገር የመጣው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አገሩን አስነሥቶት ነበር። አዲስ አበባ ሱሉልታን፣ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ለገጣፎን ልትጠቀልል ነው፤ ገበሬው መሬቱን ሊለቅ ነው ተባለ። ካርታውን አይቻለሁ የሚል አንድ የቀበሌ ሰው ቤቴ ሊጠጣ መጥቶ፣ ጓሮዬ በአረንጓዴ ተቀብቷል አለኝ።

"አረንጓዴ ምን ማለት ነው?"

"መናፈሻ ይሆናል ማለት ነው።"

"አሁንስ ምን ቀለም ነው? ጎመን አለበት፣ ጌሾ አለበት።"

"እሱ በካርታው አይቆጠርም፣ እማማ።"

ያንን ካርታ የሣለው ሰውዬ ከኦሪጂናልም ኦሪጂናል አሳቢ መሆን አለበት። እኔ ጓሮዬን አርባ ዓመት ስቆፍረው መናፈሻ መሆኑ አንድ ቀን እንኳ ብልጭ ብሎልኝ አያውቅም።

ልጆቹ መንገዱን በድንጋይ መዝጋት ጀመሩ። አንድ ቀን ይዘጋል፣ ወታደር ይመጣል፣ ጭስ ይተኮሳል፣ ይከፈታል፤ ሁለት ቀን ቆይቶ እንደገና ይዘጋል። እኔን ያስጨነቀኝ የወንድሜ ልጅ ገርባ ነው። ከጫንጮ ወተት በአይሱዙ እየጫነ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ያደርሳል። እናቱ እሱን ስትወልድ ስለሞተች እኔ ነኝ ያሳደግሁት። አዳዳ ይለኛል፤ በኦሮምኛ የአባት እኅት ማለት ነው፤ እሱ ግን ሲጠራኝ እናት ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጠላ ቤቴ እንደማንኛውም ጠላ ቤት ነው። ደጄ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሏል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቷል። ጣሳ ካለ ጠላ አለ፤ ጣሳ ከወረደ የለም። የመጀመሪያው ቀን ሁከት ሲነሣ ጣሳዋን አወረድኳት። ያወረድኳት ከፍርሃት ነው። መንገድ የዘጉት ልጆች ጠምቷቸው እንዳይገቡ፣ የሚያባርሯቸውም ተከትለዋቸው እንዳይገቡ። ከዚያ ጣሳዋን አቅፌ አልጋዬ ሥር ገባሁ።

ገርባ በዚያው ጠዋት ከጫንጮ ሲመጣ ጣሳዋን አጣት። የኔ ጠላ አልቆ ስለማያውቅ አሮጊቷ ታማለች ብሎ መኪናውን አቁሞ ገባ። እኔን በእግሬ ይዞ ከአልጋው ሥር ሲጎትተኝ፣ ከኋላው የነበሩ ሁለት መኪኖች አልፈው ሄዱና ከድንጋዩ ዘንድ መስታወታቸው ረገፈ።

"አዳዳ፣ አሞሽ ነው?"

"አይ፣ ፈርቼ ነው።"

የመስታወቱን ድምፅ ሰማ። እኔንም አየኝ፣ የጨበጥኳትንም ጣሳ።

"እንግዲያው መንገድ በተዘጋ ቁጥር ፍሪልኝ" አለኝ።

ፈራሁለት። ጠላ ቤት ወሬ አያጣም፤ ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣ የሚኒባስ ረዳት፣ ድርቆሽ አራግፎ የሚመለስ ባለጋሪ፣ ሁሉም ያየውን ይነግረኛል። መንገዱ ደኅና ከሆነ ጣሳዋ ትሰቀላለች፤ ከተዘጋ ትወርዳለች። ገርባ ለሌሎቹ የወተት ሾፌሮች ነገራቸው፣ እነሱ ለሚኒባሶቹ። ሳምንት ሳይሞላ ከጫንጮ የሚመጣ ሁሉ አንገቱን በመስኮት እያወጣ የኔን ጣሳ መፈለግ ጀመረ።

ችግሩ፣ ቤቴ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነው። ሾፌሩ ጣሳዋን የሚያያት ደጄ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ከሩቅ የሚታየው የራቢአ ጣሪያ ነው።

"የጠላ ጣሳ? በኔ ጣሪያ ላይ?" አለች ራቢአ።

"ጠላ የለባትም፤ ባዶ ናት።"

"ባዶ መሆኗን አላህ ያያል። ሰው ያያል ወይ?"

"ያንቺም ስኳር በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው።"

"የሱፍ ይኼን ቢያይ ምን ይላል፣ ድንቄ?"

"ገርባን ይወደው ነበር። መሰላሉን አምጪው ይል ነበር።"

ቀና ብላ ጣሪያዋን አየችው። "እኔ እሰቅላታለሁ፣ እኔ አወርዳታለሁ" አለች በመጨረሻ። "አንቺ አትወጪም። ወድቀሽ ስታበቂ ሰባት ዓመት ታወሪብኛለሽ።"

ጣሳዋ ወደ ራቢአ ጣሪያ ከሄደች በኋላ የተጠሙ ሰዎች ምልክቷን እያዩ ወደ ራቢአ ሱቅ ይገቡ ጀመር። ኦቦ ቦጂያ፣ ዓይኑ የደከመ የድሮ ደንበኛዬ፣ የስኳሩ ከረጢት ላይ ዘፍ ብሎ "ቅጂልኝ" አላት። ክርክር ስለማትወድ ለስላሳ ከፍታ ሰጠችው። ጨልጦ አስቀመጠና፣ "ድንቅቱ፣ ጠላሽ ዘንድሮ ስኳር በዝቶበታል" ብሎ ወጣ። ከመስጊድም አንድ ሽማግሌ መጡ። ራቢአ ልትሞት ደረሰች፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው፣ ባዶ መሆኗንም ማለችላቸው። ሰውዬው ጢማቸውን እያሻሹ ሰሟትና፣ "ትንሽ ከፍ አድርጊያት፤ ከመስጊዱ በር ሆኜ አትታየኝም። ማክሰኞ አዲስ አበባ መንገድ አለብኝ" አሏት።

እንዲህ እያልን ዓመት ሊሞላ ደረሰ። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ሁከቱ ግን አልቀረም፤ ጣሳዋም ሥራ አልፈታችም።

በመስከረም 2009፣ ከመስቀል በፊት፣ ዓባይነህ ራሱ ከፍቼ ሲመለስ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ጣሪያ ሲያይ አይቶ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መኪናዋን አስቁሞ ቤቴ ገባ። ገና "አካም ጅርቱ እማማ" ሲል በድምፁ አወቅሁት። መልኩ ከድምፁ ያንሳል።

"ዛሬ የድምፅ መቅጃ አልያዝኩም፤ ለመተዋወቅ ያህል ነው" አለ። ጠላ ቀዳሁለት። ራቢአም ወሬው እንዳያመልጣት ሱቋን ለጎረቤት ሰጥታ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ይኼ እኮ ያለ መብራት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኔትወርክ ነው" አለኝ። "አዲስ አበባ ያሉ ልጆች በስንት ኮምፒውተር የሚደክሙበት ነገር ነው። ሐሳቡ እንዴት መጣልዎት?"

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ልክ እንደዚያ የምግቡ ሰውዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት አሰብኩ አልኩት። የሾፌርን ባሕርይ አጠናሁ አልኩት። አልጋውን ከታሪኩ አወጣሁት። ፍርሃቱን አወጣሁት። ራቢአንም አወጣኋት፣ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ። ገርባን ግን አስገባሁት፤ ከነስሙ፣ ከነመኪናው፣ "ሾፌሮቹን ያደራጀልኝ እሱ ነው" ብዬ። አሳቢ ሲባል ከሥሩ ሰው እንዳለው ከሬዲዮው ተምሬያለሁ። ራቢአ ሁለት ጊዜ ሳለች። ጉንፋን ይዟት ነው አልኩት።

"ይኼ አንድ ሰዓት ሙሉ የእርስዎ ነው" አለ ዓባይነህ ሲነሣ። "ከሦስት ሳምንት በኋላ መቅጃ ይዤ እመጣለሁ።"

እሱ እንደወጣ ራቢአ፣ "ጣሪያው የማን ነው?" አለችኝ።

"የጠየቀኝ ስለ ሐሳቡ ነው።"

"ሐሳቡ አልጋ ሥር ነበር።"

ያን ዕለት ሁለተኛ አልተነጋገርንም። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቅል እያሰጣሁ መልስ ተለማመድኩ። ዓባይነህ እንግዶቹን ሁሉ "ውድቀትን እንዴት ያዩታል?" ይላቸዋል፤ ለሱ መልስ ነበረኝ። "ለወጣቶች ምን ይመክራሉ?" ይላል፤ ለሱም ነበረኝ፣ እሱ እንዲያውም ረጅም ነው። ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አጠብኳት፤ በሬዲዮ እንደማይታይ ራቢአ እስክትነግረኝ ድረስ አላሰብኩትም።

ከዚያ የእሬቻው ሐዘን መጣ። ሄደው ያልተመለሱ አሉ። ስለሱ በኔ እጅ የሚጻፍ የለም። በሰበታም በቡራዩም በኩል ጭስ ታየ ተባለ፤ ለኛም ሰፈር አልቀረለት። አዋጅ ታወጀ፣ የስልኩ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ከየቤቱ ሰው ይለቀም ጀመር።

ገርባን ከመኪናው ላይ ነው የወሰዱት። ወተቱ እንደተጫነ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ሽታው ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። ምግብ ቋጥሬ ጣቢያ ሄድኩ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ጨዋ ነው፤ ምግቡን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

"እማማ፣ ቤትዎ ይሂዱ" አለኝ። "የሱ ነገር ቀላል አይደለም። መንገድ መቼ እንደሚዘጋ ቀድሞ ያውቃል። ቀድሞ የሚያውቅ ደግሞ የሚያዘጋው ነው።"

"ሾፌር መንገድ ቢያውቅ ምን ይገርማል?"

"እሱን እያጣራን ነው" አለ። ገርባን አላሳየኝም።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች ራቢአ ሱቅ ገቡ። የገዙት ነገር የለም። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣ ሙስሊም ሱቅ ላይ የጠላ ጣሳ ምን ይሠራል አሏት። የጎረቤቴ ማስታወቂያ ናት አለቻቸው። አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው ጻፈ።

እነሱ እንደሄዱ ጣሳዋን አውርዳ፣ ሱቋን በጠራራ ፀሐይ ቆልፋ እኔ ዘንድ መጣች። ያንን ሱቅ በቀን ስትዘጋ ያየሁት የሱፍ የሞተ ዕለት ብቻ ነው።

"ነገ ያ ጋዜጠኛ ይመጣል" አለችኝ።

"አሞኛል እለዋለሁ።"

"ከዚያስ? ታሪኩን ሁሉ ቀድተሽለታል። አንቺ ብትቀሪበት ለሌላ ሰው ያወራዋል። ልቡ ክፉ አይደለም፤ ሥራው ግን ማውራት ነው። ጣሳዋ ምልክት ናት ብሎ አንድ ቃል በሬዲዮ ከወጣ ገርባ አለቀለት። ሾፌሮቹን ያደራጀው እሱ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም።"

የያዝኩትን ሰፌድ መሬት አስቀመጥኩ። 

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ያበላሸሽውን ራስሽ አበላሺው። ጣሳዋ ማስታወቂያ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም። በራስሽ አፍ፣ አገር እየሰማ። እነዚያም ይሰሙታል። ሞኝ ሁኚ።"

"እኔ? አልችልበትም።"

"ትችያለሽ" አለች። ሳታስብ ቶሎ ነው ያለችው፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ዓባይነህ በቀጠሮው መጣ። ጠላ ቀዳሁለት። መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ያቺን የሬዲዮዋን ድምፅ አወጣ።

"የዛሬዋ እንግዳችን ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ናቸው። ነገር ግን አንዲት ተራ ጣሳ ወደ መገናኛ የለወጡ—"

"መገናኛ አዲስ አበባ ነው" አልኩት። "እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ እግሬን ያመኛል።"

ሳቀ። የማሟሟቂያ ቀልድ መሰለው።

"እማማ ድንቅቱ፣ የጣሳው ሐሳብ እንዴት መጣልዎት?"

"የምን ሐሳብ? ጣሳ የሌለው ጠላ ቤት አይተህ ታውቃለህ?"

"አይ፣ መንገድ ሲዘጋ ጣሳውን ያወርዳሉ፣ ሲከፈት ይሰቅላሉ። እሱን ማለቴ ነው።"

"ጠላ ሲያልቅ ነው የማወርዳት። መንገድ ሲዘጋ ገብስ ከየት ይመጣል? ገብስ ካልመጣ ብቅል የለም፣ ብቅል ከሌለ ጠላ የለም፣ ጠላ ከሌለ ጣሳ ምን ይሠራል? ሲከፈት ገብሱ ይመጣል።"

ይኼን ያሰብኩት እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። መንገዱና ጣሳዋ ለምን አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ፣ ምንም ነውር የሌለበት መልስ። ዕድሜዬን ሙሉ ያሰብኩት ኦሪጂናል ሐሳብ እሱ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ያሰብኩት ማሰብ የማልችል ለመምሰል ስል ነው።

ዓባይነህ ወረቀቱን ገለጠ። "ባለፈው ግን ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት አሰብኩ ብለውኝ ነበር።"

"ያን ቀን ጠላዬን ስቀምስ ውዬ ነበር።"

"ስለ አንድ ሾፌርም—"

"የትኛው ሾፌር?" አለች ራቢአ። "እሷ የሰው ስም አይያዝላትም፣ ልጄ። የኔን እንኳ በቀን ሁለቴ ትረሳዋለች።"

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አልኩት ወደ ራቢአ እያሳየሁ።

ራቢአ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ዓባይነህ ላቡን ጠረገ። ሰውዬው አሳዘነኝ፤ ባለ ቆርቆሮውን ባለ ቦርሳዋን ሁሉ አናግሮ እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመውም።

"እሺ፣ ጣሳው የሙስሊም ሱቅ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ለምንድን ነው?"

"ቤቷ ከባሕር ዛፍ ኋላ ስለሆነ ጠጪ ጠፋ ብላ አለቀሰችብኝ" አለች ራቢአ። "ለጉርብትና ብዬ ሰቀልኩላት። አሁን ጠጪዎቹ ተሳስተው እኔ ዘንድ እየገቡ ለስላሳ ይጠጣሉ። እሷ እንደሆነች እስካሁን አልገባትም።"

"ምኑ ነው ያልገባኝ?" አልኩ።

"እማማ፣ ውድቀትን እንዴት ያዩታል?" አለ ዓባይነህ። ተስፋ ቆርጦ ነው።

የተለማመድኩት መልስ ጥርሴ ድረስ መጣ። የሚያምር መልስ ነበር። ራቢአ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

"ጠላ ሲበላሽ አተላውን ለላም እሰጣለሁ። ላሟ አታማርርም።"

ዓባይነህ ይኼኔ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ያለውን ሙሉ ብርጭቆ አየ። በበሩ በኩል ቀና ብሎ የራቢአን ጣሪያ አየ፤ እንጨቱ ባዶውን ነው። ጠላ አለ፣ ጣሳ የለም። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። እጁን ሰዶ መቅጃውን አጠፋው።

"ማንን ነው የወሰዱት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ገርባን።"

"መቼ?"

"ስድስት ቀኑ። ምግቡን ይቀበሉኛል፤ እሱን አያሳዩኝም።"

ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ። የገርባ ስም የተጻፈበት እሱ ነው፤ መልሶ አውጥቶ ለራቢአ ሰጣት፣ ራቢአም ሁለተኛ ሳትጠይቀው እሳቱ ውስጥ ጨመረችው።

"ከፈለጉ ጭራሹን ይቅር" አለኝ። "ሌላ እንግዳ አላጣም።"

"አይቀርም። ይተላለፍ።"

"ሰው ይስቅብዎታል፣ እማማ። ሆን ብለው መሆኑን ደግሞ ማንም አያውቅም። እኔም በኋላ አልናገርም።"

"አውቃለሁ።"

"ተንኮለኛ እንደሆንኩም ያስባሉ፤ አሮጊት ላይ ሳቀ ይሉኛል።"

"ያንተን ስም እኔ ምን አገባኝ" አልኩት። እሱ ይኼን ሲሰማ ነው የሳቀው። መቅጃውን መልሶ አበራና፣ "እማማ፣ ጌሾውን ራስዎ ነው የሚያበቅሉት?" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ጌሾ ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ያኔ ብቻ ነው እንደ ሰው ያወራሁት፤ እሱንም ሲያስተላልፉት አሳጠሩት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ራቢአ ሱቅ በር ተሰበሰበ። እኔ ከመሐል ተቀመጥኩ፤ ብቀር የባሰ ነው። መገናኛ የምትለዋ ላይ ሁሉም ሳቀ። "ይቺ ደግሞ ማን ናት" ስል ድርቆሽ ሻጮቹ ተቃቀፉ። ላሟ ላይ ደግሞ አንዱ መሬት ተቀመጠ። ኦቦ ቦጂያ ብቻ ግራ ገብቶት አየኝ።

"ድንቅቱ፣ መገናኛ አብረን ሄደን አልነበረም? የእኅቴ ልጅ ሠርግ ጊዜ?"

"ረስቼዋለሁ።"

"አንቺ? ሠርጉ ላይ ሥጋው አነሰ ብለሽ ከሙሽራው አባት ጋር የተጣላሽውን?"

"አርጅቻለሁ፣ ቦጂያ።"

አንገቱን ነቀነቀና ምስኪን አለኝ። በዕድሜዬ ምስኪን የተባልኩት ያን ቀን ነው። ዋጥኳት፤ ኮሶ ከሷ ይሻላል።

ወደ ጣቢያ ምግብ ይዤ ስሄድ ያ የበሩ ፖሊስ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሳቀ። "እማማ፣ ጠላ ደርሷል?" አለኝ። ደርሷል አልኩት። "መገናኛስ?" አለኝ። እሱንም ሳቅሁለት። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን ገርባ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር የተሃድሶ ስልጠና ተወስዷል ተባልኩ፤ የት እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ምግቡን ይዤ ተመለስኩ። ራቢአ ከሩቅ ስታየኝ ዕቃው አለመቅለሉን አየች፤ መጥታ ተቀበለችኝ። በየቀኑ ማታ ማታ ሱቋን ዘግታ እየመጣች አብራኝ ትቀመጥ ነበር። ምንም ሳናወራ የምንቀመጥበት ቀን ብዙ ነው። መጽናናት አልችልበትም፤ እሷም ማጽናናት አትችልበትም፤ ስለዚህ ተስማምተናል።

ገርባ በታኅሣሥ መጣ። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ልብሱ ሰፍቶታል። በሩ ላይ ሳየው እንኳን ደኅና መጣህ ማለት ሲገባኝ "ጫማህ የት አለ?" አልኩት። ራቢአ እያለቀሰች ገብታ ዳቦ፣ ማር፣ ሙዝ፣ ከሱቋ ያገኘችውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በላ።

ሲጠግብ ቀና አለ። "አዳዳ፣ መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ስለ ጣሳዋ ይጠይቁኝ ነበር" አለኝ። "ማን ይሰቅላታል፣ ማን ያወርዳታል፣ ለማን ታሳያለች። አላውቅም ስል ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ፣ ስልጠና በወሰዱን ቦታ፣ ያንቺ ፕሮግራም ሲደገም ዘቡ ሬዲዮውን ከፍ አደረገና ስሙ፣ ስሙ አለን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ዘቡ አንተ የሱሉልታ ልጅ፣ ይቺን አሮጊት ታውቃታለህ ወይ አለኝ። የት አውቃታለሁ አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጣሳ የጠየቀኝ የለም።"

ራቢአ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አልሐምዱሊላህ አለች። እኔም ማለት የነበረብኝ እሱን ነው። ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ።

"አንተስ ሳቅህ?" አልኩት።

"ሳቅሁ።"

"ለይምሰል ነው፣ አይደል?"

ገርባ ዳቦውን አየ፣ ራቢአን አየ። ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

"መጀመሪያ ላይ ለይምሰል ነበር" አለ።

ጥሩ አደረግህ አልኩት። ውሃ አሙቄ እግሩን አጠብኩት፣ አልጋዬን ለቀቅሁለት፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳብኩለት። ከዚያ ሦስት ቀን አኮረፍኩት።